ለቁራሌው ወይስ ለግድግዳው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ሰላም እትዬ። ካሳንቺስ የተወለድኩበት ቤት ሲፈርስ ወደ ገላን መጣን። ሰው ፍሪጁን አልጋውን ሲጭን እኔ የበራችንን መቀርቀሪያ ነቅዬ፣ የቤት ቁጥራችን የተጻፈባትን ቆርቆሮ በቢላ ፈልቅቄ፣ የአባቴን የብረት ሳጥን ይዤ መኪና ላይ ወጣሁ። አባቴ የአሰብ ሹፌር ነበር፣ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው፣ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሳጥኑ ውስጥ የተጨረመተ ፔርሙዝ፣ ሽርጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ የዛገ ክሪክ፣ መፍቻዎች፣ የጭነት ወረቀቶችና በረሃ ላይ የተነሳው ፎቶ አለ። ሳሎን ላይ አሳምሬ ላስቀምጣቸው እፈልጋለሁ፣ ባለቤቴ ግን ‹ቤቱን ጋራዥ ልታደርጊው ነው፣ ለቁራሌው ስጪውና እንገላገል› ይላል። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሳጥኑ ሲከፈት ዝም ትላለች። ምን ይሻለኛል?»
የሹፌሩ ልጅ፣ ከገላን

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፣ መቀርቀሪያውን ነቅለሽ ማምጣትሽ ደግ አደረግሽ። ማታ ማታ አባትሽ ከመንገድ ሲመጣ የሚከፈትለት እሱ አይደል፣ ስንት ለቅሶና ስንት ሰርግ የገባበት በር ነው፣ ፍርስራሽ ውስጥ ተጥሎ ቢቀር ዛሬ ሌሊት ሌሊት ያባንንሽ ነበር።

ግን ሁሉም አይሰቀልም። ሳጥኑን እንዳለ ግድግዳ ላይ ካወጣሽው ባለቤትሽ እውነቱን ነው፣ ጋራዥ ነው የሚመስለው። እንዲህ አድርጊ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ስታፈሉ ጋዜጣ አንጥፊና እቃውን አንድ በአንድ አውጪ፣ እናትሽን ምንም አትጠይቂያት፣ ዝም ብለሽ እጇ ላይ አስቀምጪላት። ፔርሙዙ የት እንደተጨረመተ፣ ሽርጡን ማን እንደገዛው፣ ፎቶው ላይ አጠገቡ የቆመው ረዳት የማን ልጅ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷ ካለፈች ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊው፣ እየቀዳሽ እንደሆነ ግን ንገሪያት። እሷ አፏን የከፈተችባቸው እቃዎች ናቸው ግድግዳ የሚገባቸው፣ ሦስት ወይ አራት ቢሆኑ ነው። ሌላው ሳጥኑ ውስጥ ይመለስ፣ ለቁራሌው ግን አይሰጥም!

መስቀል አደባባይ ጋ 2002 ላይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብተሽ ከሆነ እዛ መስታወት ውስጥ ያለው ልብስ ማንም ይለብሰው የነበረ ተራ ልብስ ነው፣ ሰው ግን እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ምክንያቱም ማን ለብሶት እንደነበር ያውቃላ። ያንቺም ፔርሙዝ ሥር አንድ ትንሽ ወረቀት ላይ የአባትሽን ስምና እናትሽ የነገረችሽን ሁለት መስመር ጻፊ፣ በእጅሽ ጻፊው፣ አታስተይፒው።

የጭነት ወረቀቶቹን ነገር አደራ። እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ነዳጅም እቃም በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ የዞረው፣ ስለዚህ «አሰብ» የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ካለሽ ከአባትሽም አልፎ የዛ ሁሉ ሹፌር ወረቀት ነው። ኦሪጅናሉን ፖስታ ውስጥ አስገብተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ፣ የምትሰቅዪው ፎቶ ኮፒውን ይሁን። ፎቶውም እንደዛው፣ ስካን አስደርገሽ ኮፒውን ፍሬም ውስጥ አስገቢ፣ ኦሪጅናሉን እሰቅላለሁ ካልሽ ደግሞ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካው ዙሪያውን ካርቶን ይግባለት፣ በእርጥበት መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ፊቱን ይዞት ነው የሚሄደው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሁን፣ ፕላስተርና ያ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም አይንካው።

አሁን ዝገቱ። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ፣ የእናቴን የከሰል ካውያ ሰበታ አንድ ብየዳ ቤት ሰጥቼ አስሞርጄ ብርማ ቀለም አስረጨሁት፣ የእንጨት እጀታውንም በብርጭቆ ወረቀት አስፍቄ ቫርኒሽ አስቀባሁት። እጀታው ላይ የእናቴ አውራ ጣት ስንት ዓመት ተጭኖት የጎደጎደ፣ ጥቁር ያለ፣ እንደ ማንኪያ ጫፍ የምትሆን ቦታ ነበረች፣ ልጅ ሆኜ ጣቴን እዛ ውስጥ እከት ነበር። ጠፋች። ካውያው አሁን ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው፣ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ክሪኩንም መቀርቀሪያውንም አታስሞርጂ። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረሽ ጠቅልለሽው ከእሳትና ከልጅ ርቆ ውጪ ይደር፣ በነጋታው በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ የሚለቀውን ብቻ አራግፊ፣ ከዛ የሻማ ሰም ወይ ትንሽ የሞተር ዘይት ስስ አድርገሽ ቀቢው፣ በቃ። የቤት ቁጥሯን ቆርቆሮ በሳሙናና በውሃ ብቻ፣ ወዲያው አድርቂያት፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ነው ዝገት የሚጀምረው። ሽርጡ በረኪና እንዳይነካው።

ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ በምስማር አትድከሚ፣ ይፈረካከሳል፣ ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይግባለት። ክሪኩ መሬት ላይ በር ማስደገፊያ ይሁን፣ ከባድ ነገር ከፍ ብሎ ልጆች ያሉበት ቤት አይሰቀልም። ቦታው ደግሞ ረከቦቱ አጠገብ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ጥግ ላይ። የቤት ቁጥሯ በበሩ ውስጥ በኩል ትሁን፣ ስትወጪ እንድታያት።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ እኔ የማስበው ይሄንን ነው፣ ግድግዳው ላይ የሱ ሰው የለም። አንቺ አባትሽን ይዘሽ ገባሽ፣ እናትሽም አለች፣ እሱስ? ከሱ ቤት የመጣ ምን አለ ብለሽ ጠይቂው፣ የእናቱ ሙዳይ ይሁን የአያቱ ዋንጫ፣ ከገጠር ያስመጣና ከፔርሙዙ ጎን እኩል ቦታ ይያዝለት። ምንም የለኝም ካለሽ ደግሞ አትጫኚው፣ ሳሎኑ የሱም ነው፣ አንድ ግድግዳ ይበቃሻል።

«ለገጣፎ ላይ የጀበና ቡና ቤት ልከፍት ነው፣ በድሮ እቃ ማስጌጥ አስቤያለሁ። ምናለሽ ተራ ሄጄ ምን ምን ልግዛ?»
ወጣቱ ባለ ቡና

ወንድሜ፣ ምናለሽ ተራ ያልተገኘ የትም አይገኝም፣ ፋኖሱም ቴፑም የሸክላ ማጫወቻውም አለ፣ ተከራክረህ ትገዛለህ። ግን መቶ እቃ ደርድረህ ደንበኛ አንዱንም ማን እንደነበረው ቢጠይቅህና መልስ ባይኖርህ እቃው ጌጥ ብቻ ነው፣ ልብ አይነካም። የተጣለ ነገር ገዝተህ የራስህ ልታደርገው ከፈለግክ ሥራበት፣ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ኪቦርድ ጎንጉኖና ገጣጥሞ ነው ዓለም የሚያደንቀውን ሥራ የሠራው፣ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ሂድና እይ። ካልሆነ ደግሞ የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቅ፣ አንድ ሰው ያዋሰህ አሮጌ ራዲዮ ከነታሪኩ ከሃያ የተገዛ ይበልጣል፣ ባለቤቱም በየሳምንቱ ራዲዮውን ሊያይ እየመጣ ቡናህን ይጠጣል።

አራት ነገር ግን አደራህን። የድሮ ቲቪ ጀርባውን አትክፈት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛል። ራዲዮ ስትገዛ ድንጋዩን አውጣ፣ ፈስሶ ውስጡን ይበላዋል። የጥይትም የመድፍም ቀለህ ነው ብለው ሲያመጡልህ ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላልና አትንካው፣ ለፖሊስ ተናገር። የብራና መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን መስቀል ደግሞ ጭራሽ አትግዛ፣ ከየት እንደወጣ አታውቅማ፣ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ቡና ቤትህ ግድግዳ ላይ ነው የሚገኘው።

«ወንድሜ ሱዳን ስደት እያለ ድምፁን ቀድቶ የላከልን ካሴት አለን። በሕይወት የለም። ፍሬም ውስጥ አድርጌ ልሰቅለው ነበር፣ ግን ድምፁን መስማትም እፈልጋለሁ፣ ቴፑ ክሩን ይበላብኛል ብዬ ፈራሁ።»
እህቱ፣ ከሱሉልታ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አሁን ዝም ብለሽ ቴፕ ውስጥ እንዳትከቺው! መጀመሪያ ካሴቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሪ፣ ከዛ በኋላ ማንም ተሳስቶ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ቀጥሎ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው፣ የተጣበቀ ቦታ ካለ አትጎትቺው፣ ቴፕ ለሚሠራ ሰው ስጪ፣ ክሩን ብሎን ወዳለው ሌላ ካሴት ቀፎ ሊያዛውረው ይችላል። የምታጫውቺበት ቴፕ «ሄድ» የሚባለው፣ ክሩ የሚነካው ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት፣ ሌላ የማታዝኚበት ካሴት አስገብተሽ ሞክሪው፣ ክር ካልበላ ብቻ የወንድምሽን አስገቢ። ገና የመጀመሪያው ጊዜ ሲጫወት ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይቀዳ፣ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል፣ ቅጂውንም ለእህት ለወንድም ሁሉ ላኪ። ከዛ በኋላ ፍሬም ውስጥ ወንድምሽ በእጁ የጻፈበትን የካሴቱን ወረቀት ስቀዪ፣ ካሴቱ ግን ከስፒከርና ከፀሐይ ርቆ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።