የበረዶ ዱቄት ከውጭ አታስመጣ፣ እብነ በረድ ቆራጮች ጋ ሂድ

ወንድሜ፣ «ለሞዴል ባቡሬ በረዶውን በቤኪንግ ሶዳ ልሥራ ወይስ ዱቄቱን ከውጭ ላስመጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም ተው።

1. ቤኪንግ ሶዳ ፎቶ ላይ ያምራል። ክረምት ሲመጣና ቤቱ እርጥበት ሲይዝ ግን ይጓጉላል። ሐዲድ ውስጥ የገባው ደግሞ ብረት ይበላል። ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩህ ሰዎች ከዓመት በኋላ ምን እንደሆነ አያሳዩህም።

2. ከውጭ ማስመጣት። ይሄን ሳስበው አሁንም እበሽቃለሁ። ዘመድ የላከልኝ ትንሽ ፓኬት ዕቃ የሚፈተሽበት ቢሮ ተያዘ። ነጭ ዱቄት ነዋ! አስረዳሁ፣ ስልኬን አውጥቼ የባቡሬን ፎቶ አሳየሁ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣ» አለችኝ። የትኛው አካል እንደሆነ ስጠይቃት ቀጣዩን ባለተራ ጠራች። ዱቄቱ እዚያው ቀረ፣ የመላኪያው ገንዘብም እንደዚያው።

3. የመቃብር ሐውልት የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂድ። እኔ በደጃፋቸው ሳልፍ ነው ያየሁት። ነጩን እብነ በረድ ሲቆርጡ ቅንድባቸው ሳይቀር ብናኝ ለብሶ ነበር። በፌስታል ለመንኳቸው፣ በነጻ ሰጡኝ። ውጭ አገር ያሉ ሞዴል ሠሪዎችም የእብነ በረድ ዱቄት ይጠቀማሉ። ታዲያ እኛ ለምን በዶላር እንገዛለን?

አደራ፣ ስትነፋው ማስክ አድርግ። መሬቱን አስቀድመህ ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀባው። ጥላ የሚያርፍበት ጋ በጣም ትንሽ ሰማያዊ ጨምር። ቀለሙ ሲደርቅ ኮላ አስነካውና ዱቄቱን በስቶኪንግ ንፋበት። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ኮላ ከአንድ ጠብታ ላርጎ ጋር እርጭበት። ያለ ላርጎ ኮላው ዱቄቱ ላይ እንክብል እንክብል ሆኖ ይቀራል። ኮላ የጠጣው ዱቄት ግራጫ ሲመስል አትደንግጥ። ሳይደርቅ ስስ አድርገህ የመጨረሻውን ዱቄት በደረቁ ንፋበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አወራረዱ ላይ ነው። እኛ የምናውቀው የአዲስ አበባውን በረዶ ነው፤ እንደ ጠጠር ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ይነጥርና ግድግዳ ሥር ይከማቻል። በሞዴል የምንሠራው የስዊዘርላንዱ ግን ቀስ ብሎ ወርዶ ባረፈበት ይቀመጣል፦ አጥር ጫፍ ላይ፣ ጽድ ቅርንጫፍ ላይ፣ ፉርጎ ጣሪያ ላይ። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀጥ አድርገህ ከላይ ንፋ። ከዛፉ ግንድ ሥር ትንሽ ባዶ ቦታ ተው።

ልክም አለው። ባቡርህ 1፡87 ከሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ካነሰ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ዱቄት ማለት 87 ሴንቲ ሜትር በረዶ ነው። የምትሠራው ባቡሩ 2,253 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፍበትን የስዊዘርላንዱን የበርኒና ተራራ መተላለፊያ ከሆነ ያምርበታል። ለሸለቆ መንደር ግን 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ሐዲዱን ቀድመህ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍነው። መስመር መቀየሪያዎቹ አጠገብ ኮላ አታድርስ። የኔው ክረምት አልፎበትም እስካሁን ነጭ ነው። ማየት ከፈለግክ አራት ኪሎ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ና። ፌስታል ይዘህ ና፣ ከተረፈኝ ዱቄት እሰጥሃለሁ።