ዊንዶውስ 98 ራም ተጨምሮለት «ሜሞሪ አነሰኝ» ሲል

የገዛኸው ራም ደህና ነው። ከ256 ወደ 768 ሜጋባይት ካሳደግከው ወዲህ የዶስ መስኮት «በቂ ሜሞሪ የለም» እያለ አልከፈት ያለህ፣ ራሙ ስለበዛበት ነው። ቀልድ ይመስላል። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲያገኝ፣ ቪካሽ የሚባለው የፋይል መሸጎጫው (ከዲስክ የተነበበውን ራም ላይ የሚያቆየው) የራሙን መጠን አይቶ ሰፊ የአድራሻ ቦታ፣ ማለትም ሲስተሙ ሜሞሪን የሚጠራባቸውን ቁጥሮች፣ ለራሱ ይይዛል። ለሌላው ፕሮግራም የሚተርፍ ቦታ ይጠፋል።

1. ስታርት፣ ከዚያ ረን ውስጥ ገብተህ ሲስኤዲትን (sysedit፣ የሲስተም ፋይሎች ማረሚያውን) ክፈት። ሲስተም ዶት አይኤንአይ የሚለውን መስኮት ምረጥ።

2. በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ቪካሽ ከሚለው ርዕስ ስር ማክስፋይልካሽ=262144 ብለህ ጻፍ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሦስቱ ቃላት ተያይዘው፣ ያለ ክፍተት።

3. ሴቭ አድርገህ ሪስታርት።

ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳ ካለ አንዱን ራም ለጊዜው ንቀለውና ከላይ ያለውን አስተካክለህ መልሰው።

ሃይሜም የሚባለውን የዶስ የሜሞሪ ማስተዳደሪያ ፋይል ቀይር ያሉህን ተዋቸው። ከ64 ሜጋባይት በላይ ራም አለማየት የድሮው የዶስ 6.22 ሃይሜም ጣጣ ነው፤ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ቁጥሩ በኪሎባይት ነው። እኔ ሜጋባይት መስሎኝ 512 ብቻ ጻፍኩ። መሸጎጫው ግማሽ ሜጋባይት ሆነ! ማሽኑ ተነሳ፤ ግን የሃርድ ዲስኩ መብራት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። አንድ ፎልደር እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው ብዬ ሌላ ልገዛ ደርሼ ነበር።