ያልተቆጠረው ሰው የሚነሳው ቶና ላይ ነው
ለወጣት የቤት ለቤት ቆጠራ መዝጋቢዎች

«የአዲስ አበባ ቤተሰብ ለምን አነሰ?» ብላ አንዲት የሥነ ሕዝብ ተማሪ ጠየቀች። ልጆቼ፣ የመልሱ ግማሽ አጭር ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት የከተማዋ የወሊድ መጠን በ1997 ዓ.ም. በአንዲት ሴት 1.4፣ በ2008 ዓ.ም. 1.8 ልጅ ነበር፤ ትውልድ ራሱን ለመተካት ግን 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። ጋብቻ ዘግይቷል፣ ቤት ጠፍቷል። ይህን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ግማሽ የእኛ የመዝጋቢዎች ጥፋት ነው፤ ሳንቆጥር የምንዘለው ሰው አለ። ጥያቄዋ የአንድ የአራት ኪሎ የቀበሌ ቤት ቅጽ አስታወሰኝ። ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። የሰፈሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ እናት፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና አንድ ሕፃን። የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የተጻፈው አማቹ ነው፤ የኪራይ ደብተሩ ግን በእናትየዋ ስም ነበር፣ የአስቤዛውን ብር የሚይዙትም እሳቸው። ማዕድ ቤት የምታድር ልጅ ነበረች፤ የእህታቸው የልጅ ልጅ፣ ከገጠር የመጣች፣ ቀን እንጀራ የምትጋግር፣ ማታ የምትማር። «እሷማ ልጃችን ናት» ስላሉ በሠራተኛ መስመር አልገባችም፤ ስላልወለዷት በልጅም አልገባችም። ጓሮ ያለው ደባል የራሱ ምድጃ ነበረው፤ በሩ አንድ በመሆኑ ማንም አልጠየቀውም። ስድስት ሰው፣ ሁለት ቤተሰብ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አራት ሰው፣ አንድ ቤተሰብ አለ። ያ ቅጽ ሳይታረም ማለፉ ዛሬም ይቆጨኛል። ያቺ ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ የለችም።

አማርኛችን ዘመድንም አብሮ ነዋሪንም «ቤተሰብ» ይላል። ለቆጠራ የሚፈለገው አብሮ የሚኖርና ምግቡን በጋራ የሚያዘጋጅ ነው፣ ይዛመድ አይዛመድ። ስለዚህ «ስንት ናችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ትናንት ማታ እዚህ ማን ማን አደረ?» በሉ። ቀጥሎ ማዕድ ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ቆጡን በየስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ከእናንተ መሶብ እየበላ ሌላ ቦታ የሚያድርስ?» ሠራተኛዋ አዳሪ ናት ወይስ ተመላላሽ? ምድጃው ስንት ነው? ኃላፊውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያንን ቢያስቀረውም የመዝጋቢ እጅ አሁንም ወደ ወንዱ ይሄዳል። ሆኖም አዛውንት ካሉ ጥያቄውን በእሳቸው ጀምሩ፤ ካልተከበሩ ቤቱ አይከፈትላችሁም።

የዛሬ ልጆች ታብሌት ይዛችሁ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። ተቀመጡ እንጂ! ቡና ከተፈላ ጠጡ። የተረሳው ሰው ስሙ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከአቦል በኋላ ነው።

ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም (ስቱዲዮ) ውስጥ ሁለት ሰው አገኘን ብላችሁም ቤተሰብ አነሰ አትበሉ። ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እናት ሥራ ስለምትውል ሕፃኗን ከሰኞ እስከ ዓርብ ልደታ እናቷ ዘንድ ታሳድራለች። ሕፃኑ የሚመዘገበው አብዛኛውን ሌሊት በሚያድርበት በአያቱ ቤት ነው፤ የእናቱ ቅጽ ላይ ደግሞ እንዳይቆጠር ማስታወሻ ያዙ።