ጥያቄና መልስ፦ የተኮላሸው ድመታችን ሶፋውና መጋረጃው ላይ መርጨት ጀመረ

ጥያቄ

ሰላም ዶክተር እንደምን ነዎት፣ የምጽፍልዎት ከሀዋሳ ነው። ነብሮ የሚባል 4 ዓመት የሞላው ወንድ ድመት አለን። በ8 ወሩ ነው ያኮላሸነው፣ እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳን ከአሸዋው ውጪ ሸንቶ አያውቅም፣ እንግዳ ሁሉ ሲመጣ ይሄ ቤት ድመት ያለበት አይመስልም ነበር የሚለኝ። አሁን ግን ወር ከምናምን ሆነው፣ ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጥና ጭራውን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ፊጭ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሳሎኑ መጋረጃ ላይ ነው ያየሁት፣ ከዛ የሶፋው ጎን፣ አሁን ደግሞ የወንድሜ ቦርሳ። ወንድሜ እኛ ጋ መኖር ከጀመረ ሁለት ወር አይሞላውም፣ ሥራው አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ስለሆነ ማታ ማታ አሳ ይዞልን ይመጣል፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ከኩሽና ጀርባ ለሰፈር ድመቶች ነው የምንሰጠው፣ ያሳዝኑኛል። አንድ ጆሮው የተቀደደ ቀይ ድመት አለ፣ እሱ እንደውም በልቶ ሲጨርስ የሳሎኑ መስኮት ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ወንድሜ ቦርሳው ሲበላሽበት በጣም ተናዶ በጆንያ አድርጌ ሀይቅ ዳር ነው የምጥለው እያለ ነው። እኔ በረኪና በቀን ሁለቴ አፈሳለሁ፣ እጣን አጨሳለሁ፣ ሎሚም ሞክሬያለሁ፣ ሽታው ለትንሽ ጊዜ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ በጫማ መታሁት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ሶፋ ስር ነው የሚውለው፣ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ጎረቤቴ ደግሞ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብላ ሳቀችብኝ። የተኮላሸ ድመት አይረጭም አልተባለም እንዴ? ኦፕሬሽኑ በደንብ አልተሠራ ይሆን?

የነብሮ እናት፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማውራታችን በፊት ዛሬውኑ አንድ ነገር እይልኝ፣ ነብሮ አሸዋው ላይ እንደ ድሮው ሽንቱን እየሸና ነው ወይ? እየተመላለሰ ቁጢጥ ብሎ የሚያምጥ ከሆነ፣ ጠብታ ብቻ ከሆነ የሚወጣው፣ ደም ካለው፣ ሲሸና ከጮኸ ወይም ብልቱን አሁንም አሁንም ከላሰ ይሄን ጽሁፍ እዚሁ አቁሚና ወደ ሐኪም ውሰጂው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፣ በትንሽ አሸዋ መሰል ነገር ወይ በዝቃጭ ይደፈናል፣ ከተደፈነ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ሦስተኛ ቀኑ ላይ ያመጡልኝ ድመት ነበር፣ ባለቤቶቹ ሆዱ ደርቆበት መስሏቸው ዘይት ሲያጠጡት የቆዩ፣ አልደረስኩለትም። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል፣ ለዛ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

በደንብ እየሸና ከሆነ ግን ወደ ጥያቄሽ እንሂድ። አንቺ የነገርሽኝ ነገር መሽናት ሳይሆን መርጨት ነው፣ ሁለቱ ይለያያሉ። ድመት ሲሸና ቁጢጥ ይላል፣ መሬት ላይ ነው፣ ብዛትም አለው። ሲረጭ ግን ቆሞ ነው፣ ጭራው ወደ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ የኋላ እግሩን እያነሳ እየጣለ፣ የሚወጣው ትንሽ ነው፣ የሚያርፈውም ግድግዳ፣ መጋረጃ፣ የሶፋ ጎን ላይ ማለትም ሌላ ድመት መጥቶ ሲያሸት አፍንጫው የሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ደብዳቤ ነው በቃ፣ እዚህ እኔ አለሁ ማለቱ ነው።

ኦፕሬሽኑ ተበላሽቶ ይሆን ላልሽው፣ አይመስለኝም። ማኮላሸት አብዛኞቹን ወንድ ድመቶች ከመርጨት ያስቆማቸዋል፣ ግን ሁሉንም አይደለም፣ ከተኮላሹ ወንዶች ከ10 አንዱ ገደማ ይረጫል፣ ከሴቶቹም ከ20 አንዷ። ምክንያቱም ማኮላሸት የሚያጠፋው ሆርሞኑን ነው፣ ፍርሃቱን አያጠፋም፣ ቤቴ የኔ ነው የሚለውን ስሜትም አያጠፋም። አንድ የዘር ፍሬ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ሐኪሙ ሳያገኘው የሚያልፍበት አጋጣሚ አለ፣ ያ ቢሆን ግን ነብሮ ሦስት ዓመት ከምናምን ጨዋ ሆኖ አይቆይም ነበር። ስለዚህ ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ይሄ የድሮ አመል አይደለም፣ አመሉማ ንጽህና ነበር። አዲስ የመጣበት ነገር ነው ያናወጠው።

አዲስ የመጣው ምን እንደሆነ ደግሞ ራስሽው ጽፈሽልኛል እኮ! ወንድምሽ ከመጣ ሁለት ወር፣ መርጨት ከጀመረ ወር ከምናምን። ወንድምሽን ጠልቶት አይደለም፣ ነገር ግን አስቢው እስኪ፣ አሞራ ገደል አሳ በሚወርድበት ቦታ ስንት ድመት ነው የሚርመሰመሰው፣ ቦርሳው መሬት ይቀመጣል፣ ድመቶቹ ይታከኩታል፣ ማን ያውቃል አንዱ ረጭቶበትም ይሆናል፣ እና ያ ቦርሳ ማታ ማታ ነብሮ ቤት ሲገባ የብዙ የማያውቃቸው ድመቶች ሽታ ተሸክሞ ነው የሚገባው። አንቺ የአሳ ሽታ ብቻ ነው የሚሸትሽ፣ እሱ ግን ስም ዝርዝራቸውን ነው የሚያነበው። በላዩ ላይ የራሱን ስም ጻፈበት።

ከዛ በላይ የከበደው ግን ያ ጆሮው የተቀደደው ቀዩ ድመት ነው፣ በኔ ግምት ዋናው እሱ ነው። ጆሮው የተቀደደው ሲደባደብ ነው፣ ምናልባትም ያልተኮላሸ አውራ ነው፣ አንቺ ደግሞ በየማታው እራት እየሰጠሽ መስኮት ስር አስቀምጠሽዋል። አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደግነትሽን አልነቅፍም። ነብሮ ግን በመስታወት ውስጥ ሆኖ ጠላቱ ደጁ ላይ ሲበላ ያያል፣ ወጥቶ ማባረር አይችልም፣ ሸሽቶ የሚሄድበትም የለም፣ የቀረው ነገር መርጨት ነው። መጀመሪያ የረጨበት የሳሎኑ መጋረጃ ነው አላልሽኝም? ቀዩ የሚቀመጠውስ የት ነው? የሳሎኑ መስኮት ላይ። ይሄ አጋጣሚ አይደለም።

ስለዚህ ከሳሙና በፊት ከዚህ ነው መጀመር። የአሳውን ትርፍራፊ ከኩሽና ጀርባ መስጠት ዛሬ ይቁም። የሰፈሩን ድመቶች መመገብ ካልተውኩ ካልሽ ራቅ ያለ ቦታ፣ ከነብሮ መስኮት የማይታይ ጋ ይሁን፣ ቆሻሻውን ደግሞ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ዝጊበት። የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ ብርሃን በሚያስገባ ግን በማያሳይ ስቲከር ወይ ነጭ ወረቀት ለጥፊበት፣ ነብሮ ከላይ ሰማዩን ማየቱን አትከልክይው፣ ወፍ ማየት ይወዳሉ። ሀዋሳ ስለሆናችሁ ደግሞ ጦጣም በመስኮት ብቅ የሚል ከሆነ ያም ያስደነግጠዋልና ይሄው መሸፈኛ ለሱም ይጠቅማል። ቀዩ መስኮቱ ላይ የረጨው ነገር ካለ ከውጪ በኩልም እጠቢው፣ ብዙ ሰው ውስጡን ብቻ እያጠበ ነው የሚደክመው። ወንድምሽ ደግሞ ቦርሳውንና የሥራ ጫማውን በር ላይ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ያስገባ፣ ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ይግባ፣ ከዛ እሱ ራሱ ለነብሮ እራቱን ይስጠው፣ የአሳ ቁራጭ ቀቅሎ፣ ሽንኩርት የሌለበት (ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ወጥ የነካው አሳ አይሰጥም)። ሳያቅፈው፣ ሳይከተለው፣ ዝም ብሎ አስቀምጦለት ይቀመጥ። ሰሞኑን የምትቀቅሉትን አሳ መረቅም ያለ ጨው ስጡት፣ ውሃ የሚበዛበት ምግብ ሽንቱን ያቀጥንለታል፣ ለፊኛው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ በረኪናው። እባክሽ ተዪው። የሽንት ሽታ ውስጥ አሞኒያ አለ፣ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ዓይንና ሳምባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ መስኮት ዘግተሽ ብታፈሺው አንቺንም ልጅም ካለ ልጁንም ይጎዳል። ሽታውንም አያጠፋውም። የድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ነገር አለ፣ ሲወጣ ብዙም አይሸትም፣ እየቆየ ሲፈርስ ነው ያ ድኝ ድኝ የሚለው ሽታ የሚመጣው፣ ለዛ ነው አጥበሽ ጨርሰሽ በማግስቱ ብሶ የምታገኚው። እጣኑም የሚሸፍነው ላንቺ አፍንጫ ነው፣ ለሱ ስሙ እዛው አለ፣ ደብዝዞ ካገኘው ደግሞ ያድሰዋል። የሚሠራው ኢንዛይም ያለበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፣ ፓኬቱ ላይ ይጻፋል፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ (የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል) ቦታውን በደንብ አርሺው፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ በንጹህ ውሃ አጥቢና አድርቂ። ሶፋው ስፖንጅ ስላለው ውስጥ ድረስ መግባት አለበት፣ ሁለት ሦስቴ ሊወስድብሽ ይችላል። ለሴራሚክና ለግድግዳ አቼቶ ከውሃ ጋ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ማበስም ይረዳል፣ ከበረኪና ጋ ግን በፍጹም እንዳይገናኝ። የት የት እንደረጨ ለማወቅ ደግሞ ሱቆች ሀሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ መብራት ለአንድ ማታ ተዋሺ፣ ሳሎኑን አጨልመሽ ስታበሪው የሽንት ነጠብጣቡ ያበራል፣ ከምታስቢው በላይ ነው የምታገኚው አትደንግጪ።

ቦታው ከደረቀ በኋላ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ውሰጂና የነብሮን ጉንጭና አገጭ ቀስ ብለሽ አሻሺ፣ ከዛ ጨርቁን የረጨበት ቦታ ላይ አሻሺው። ድመት ጉንጩን ዕቃ ላይ ሲያሽ አይተሽ የለ፣ እዛ ጋ ሽታ የሚያወጣ ዕጢ አለው፣ ያ ሽታ ሰላም ነው የሚለው፣ ሰላም ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይረጩም። የምግብ ሳህኑንም እዛው አጠገብ ብታስቀምጪለት ጥሩ ነው።

አሸዋው ስንት ቦታ ነው ያለው? አንድ ከሆነ ሁለት አድርጊው፣ በተለያየ ክፍል፣ በቀን በቀን እየተጠረገ፣ አንዱ ከመስኮቱ የራቀ ይሁን።

የመታሽበትን ነገር ጽፈሽልኛል፣ ጸጸትሽ ገብቶኛል። ድመት ቅጣትን ከረጨበት ነገር ጋ አያገናኘውም፣ የሚያገናኘው ካንቺ ጋ ነው፣ ፈርቶ ስለነበር የረጨው ፍርሃቱ ይጨምርና የበለጠ ይረጫል። ግን የሚጠገን ነገር ነው። ከሶፋው ስር አትጎትቺው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ በለሆሳስ አናግሪው፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ቁምሳጥን ላይ ጨርቅ አንጥፊለት፣ ከላይ ሆነው ሲያዩ ይረጋጋሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጭንሽ ላይ ይመለሳል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ካልመጣ፣ ወይ ከመጀመሪያውም ከተጠራጠርሽ፣ ሽንቱን አስመርምሪው። እዛው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለ ከዛ ጀምረሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድሃኒት ለሚረጩ ድመቶች ይታዘዛል፣ ይሠራልም፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ መጠኑም በኪሎው ተለክቶ ነው፣ ከሰው ፋርማሲ ገዝተሽ በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ፓራሲታሞል ደግሞ እንዳትሞክሪ፣ ለድመት ገዳይ ነው። ሐኪም ጋ ከደረሳችሁ አይቀር ዓመታዊ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ጠይቂ፣ ከቀዩ ጋ አንድ ቀን በር ላይ ቢገናኙ መነካከሳቸው አይቀርም።

ለወንድምሽ ይሄን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ቦርሳህ መበላሸቱ ያናድዳል፣ ልክ ነህ። ግን ነብሮ 4 ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ነው ያደገው፣ አሞራ ገደል ያሉት ድመቶች እዛው ተወልደው፣ ተደባድበው፣ ቦታ ይዘው ነው የሚኖሩት፣ ከጆንያ የወጣን ድመት በመጀመሪያዋ ማታ ነው የሚቦጫጭቁት። አንተ ቀን በቀን እዛ ስለምትውል ቆስለው ጥግ ይዘው የሚተኙትን አይተሃቸዋል። ለአንድ ወር ያህል ቦርሳህን ሳጥን ውስጥ እያስገባህ እራቱን ስጠው፣ ከዛ በኋላ እናወራለን።

አጭር ጥያቄ

ዶክተር ድመቴን ካኮላሸሁት 12 ቀኑ ነው፣ አሁንም በር ላይ ይረጫል፣ ገንዘቤን በከንቱ ነው ያወጣሁት?

መልስ

በከንቱ አይደለም፣ ቸኩለህ ነው እንጂ። ሆርሞኑ ቶሎ ነው የሚወርደው፣ ልምዱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ወር ይወስድበታል፣ በተለይ ካደገና መርጨት ከለመደ በኋላ ከተኮላሸ። በዚህ መሃል በሩን ከላይ በነገርኳት መንገድ እጠበው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላም ለጥቂት ሳምንት ሴት ድመት ማስረገዝ ይችላል፣ ስለዚህ ያልተኮላሸች ሴት ግቢ ውስጥ ካለች እስከ ወር ተኩል ድረስ ለያይተህ አቆያቸው፣ ቁስሉም ቀይ ሆኖ ካበጠ ወይ ፈሳሽ ካለው ቀን ሳታሳድር ላኮላሸልህ ሐኪም አሳየው።