ፖስትፒል ማህፀን ያደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 23 ዓመቴ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፖስትፒል (ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ኪኒን) ወስጃለሁ። የመጨረሻውን ከወሰድኩ ወር ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በአራተኛው ቀን ከጓደኛዬ ጋር ስንገናኝ፣ ኪኒኑ ገና ይሠራል ብዬ ምንም አልተጠቀምንም። አሁን የወር አበባዬ ከቀኑ 9 ቀን አልፏል። የብሎካችን ሴቶች ፖስትፒል ማህፀን ያደርቃል ይላሉ። መካን ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ማህፀንሽ አልደረቀም። ፖስትፒል ሦስቴ ቢወሰድም መካን አያደርግም። የወር አበባን ግን ያዛባል፤ ጥቂት ቀን ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። ከሳምንት በላይ ከዘገየ ግን መጀመሪያ መጣራት ያለበት እርግዝና ነው። ዛሬውኑ ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ግዢና ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሽንትሽ ተመርመሪ።

እኔን ያሳሰበኝ ያ አራተኛው ቀን ነው። አንዲት ልጅ ባዶውን ማሸጊያ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «ዶክተር፣ ይሄ እስከ ወሩ መጨረሻ አይደለም እንዴ?» ብላኛለች። አይደለም። ኪኒኑ የሚሠራው እንቁላል እንዳትወጣ በማዘግየት ነው። የዘገየችው እንቁላል ደግሞ ከቀናት በኋላ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ከኪኒኑ በኋላ ያለ መከላከያ የሚደረግ ግንኙነት ለእርግዝና ይበልጥ ያጋልጣል። ይህን በፋርማሲ መስኮት ላይ ማንም አይነግራችሁም። እናንተም ከኋላ የተሰለፈ ሰው እንዳይሰማ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። እባካችሁ ጠይቁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። እንቁላል አንዴ ከወጣች ፖስትፒል የሚያደርገው ነገር የለም፤ የተረገዘ ፅንስም አያስወርድም። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግንኙነት ከነበረ፣ ገደቡ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ 72 ሰዓት መሆኑ ነው። ግን ማክሰኞን መጠበቅ አያስፈልግም፤ እሁድ ጠዋት ይሻላል። ከዋጥሽ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ድገሚው። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለባለሙያ ትንገር፤ አንዳንዶቹ የኪኒኑን አቅም ያዳክማሉ። ኤችአይቪን እንደማይከላከልም አትርሺ። ለእሱ ኮንዶም ነው።

በአራት ወር ሦስቴ ከወሰድሽ፣ የሚያስፈልግሽ መደበኛ መከላከያ ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። መርፌው ለ3 ወር ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ደግሞ ግንኙነት በተደረገ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ለድንገተኛም ያገለግላል፤ ከፖስትፒል ይልቅ አስተማማኝ ነው፣ ከዚያም እስከ 10 ዓመት ይሠራል። ስትፈልጊ ይወጣል፤ መውለድም ትችያለሽ። ፈረቃሽ የጠዋት ሆኖ ካልተመቸሽ በእረፍት ቀንሽ ሂጂ።

ምርመራው እርግዝና ካሳየ አትደንግጪ። የወሰድሽው ኪኒን ፅንሱን እንደማይጎዳ ይታወቃል። ጤና ጣቢያ ሂጂና አማራጮችሽን ከባለሙያ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ። ሁለት መስመር ካላሳየና የወር አበባሽ ካልመጣ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። እስከዚያ ግን ከሆድሽ በታች በአንድ በኩል ጠንከር ያለ ህመም ከተሰማሽ፣ ወይም ራስሽን ሊያስትሽ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሺና ወደ ሆስፒታል ሂጂ።