መልስ፦ ከቦዩ ወጥቶ ቴምዝ ላይ በጠባብ ጀልባ መሄድ
ሰላም ወንድሜ። እንግሊዝ አገር ከኦክስፎርድ ቦይ ወጥተህ ቴምዝ ወንዝ ስትገባ ሎኩና ዌሩ ያስፈራ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሎክ ማለት ጀልባህን በሁለት በሮች መሃል አስገብቶ፣ ውሃውን እየሞላ ወይም እያጎደለ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ክፍል ነው። እኔ በበኩሌ ከሎኩ ይልቅ የምፈራው ወራጁን ውሃ ነው።

ቦይ ውስጥ ውሃው የረጋ ነው፤ ወንዝ ግን ይገፋሃል። በየሎኩ አካባቢ ዌር አለ፤ ወንዙን አግዶ ትርፉን ውሃ ቁልቁል የሚለቅ አጭር ግድብ ማለት ነው። ወደ ታች ስትጓዝ ምልክቱን ከሩቅ ፈልግና ወደ ሎኩ የሚወስደውን መስመር ያዝ። 18 ሜትር የብረት ጀልባ እንደ ባጃጅ እጥፍ አይልም! መልህቁ ከሰንሰለቱና ከገመዱ ጋር ታስሮ ዝግጁ ይሁን፤ ሞተር ቀጥ ካለ የሚያተርፍህ እሱ ነው። ሎኩ ላይ ቀይ ሰሌዳ ካየህ ወራጁ ውሃ በርትቷል ማለት ነውና ጉዞውን ተወው፣ ሻይህን አፍልተህ ጠብቅ።

ሎኩ ውስጥ ሞተር ይጠፋል፤ ከፊትና ከኋላ ገመድ ይያዛል። ገመዱን ግን ቋጥረህ እንዳትተወው፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምሰሶው ላይ አንዴ ጠምዝዘህ በእጅህ ቀስ እያልክ ልቀቀው።

ዋናው ወጥመድ ከላይኛው በር ስር ያለው ደፍ ነው። ሎኩ ሲሞላ አይታይም። ስትወርድ የጀልባው ኋላ እሱ ላይ ከቀረ አፍንጫው ይዘቀዘቅና ውሃ ይገባል። ግድግዳው ላይ ምልክት አለ፤ ከእሱ ወደ ፊት ሁን። እኔ የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ሳነሳ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ፣ ባለቤቴ ባትጮህብኝ ጉድ ሆኜ ነበር። በእንግሊዝ በጋ የሎክ ጠባቂ ስለሚኖር፣ ግራ ሲገባህ ጠይቀው።