ቧንቧው ተዘግቶም ለሚንጠባጠብብህ

አጥብቄ ብዘጋውም ያንጠባጥባል ላልከው፣ እጀታው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ናት። ስታረጅ ትደርቅና ውሃውን መያዝ ያቅታታል። በኃይል ስታጠብቀው ደግሞ ይብስባታል።

1. ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጋ፣ ቧንቧውን ከፍተህ የቀረውን ውሃ አፍስስ።
2. እጀታውን ንቀል፣ ከሥሩ ያለውን ክፍል በመፍቻ ፈትተህ ጎማዋን አውጣ።
3. አሮጌዋን ይዘህ ሄደህ በልኳ ግዛ። መልሰህ ግጠም።

ከመጀመርህ በፊት ግን የማጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈነው። እኔ ትንሿ ብሎን ገብታብኝ ግማሽ ቀን ፈልጌያታለሁ።

ሲሳካልህ ቤተሰቡን ጠርተህ "ስሙ፣ ጠብ አይልም!" በላቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፍቼ ዘግቼ አሳይቻለሁ። ደስታው ልዩ ነው።